ወለሉን ሳይሆን ውሃውን ጠይቁ
(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ መሰባሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያህ አንድ ነገር ንገረን፤ ግን ምሳው እንዳይቀዘቅዝ» ብለውኛል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ድልድይ የሠራ፣ ግድብ ላይ የዋለ፣ ባለብዙ ፎቅ ሕንፃ ያቆመ ሰው ሞልቷል። እኔ የመረጥኩት ግን ማንም ሪባን የማይቆርጥለትን ነገር ነው፤ የሚፈረፈር የቤዝመንት ወለል። የሥራ ዘመኔ አብዛኛው ያለፈው ሌሎች ሠርተው የሄዱትን በመጠገን ስለሆነ፣ የማውቀውን ብናገር ይሻላል ብዬ ነው። ሁላችንም መሐንዲስ አለመሆናችንን አውቃለሁ። ቢሆንም ሐኪሙም ጠበቃውም ወይ ቤት ይሠራል፣ ወይ ይከራያል፣ ወይ ያከራያል። ስለዚህ ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

የምለው በአጭሩ አንድ ነገር ነው፤ የሚፈረፈር ወለል ራሱ በሽታው አይደለም፣ ምልክቱ ነው። ትኩሳት ለያዘው ሰው ብርድ ልብስ ደርበን እንደማንሸኘው ሁሉ፣ ለሚፈረፈር ወለልም አዲስ ሊሾ ደርበን መሄድ የለብንም። ግን በየቀኑ የሚደረገው ይኸው ነው። ወለሉ ይፈረፈራል፣ ሊሾ ይደረብበታል፣ በዓመቱ እሱም ይፈረፈራል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት ይሄ ነው።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። ኮንክሪት ለምን ይፈረፈራል?

የመጀመሪያው ምክንያት የሚወለደው ወለሉ በሚሞላበት ዕለት ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። የውሃና የሲሚንቶ ምጣኔው 0.5 ይሁን ከተባለ፣ ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ በአሸዋው ውስጥ ያለው እርጥበት ጭምር ተቆጥሮ ማለት ነው። ሳይት ላይ ግን ውሃ የሚለካው በሊትር ሳይሆን በባሬላ ተሸካሚው ፊት ነው። ድብልቁ ጠጠር ብሎ ሲያስቸግረው «ጨምርበት!» ይላል። 40 ሊትር ገባ ማለት ምጣኔው 0.8 ሆነ ማለት ነው። ሲሚንቶው ያልፈለገው ውሃ የትም አይቀርም፤ ተንኖ ሲወጣ በቦታው ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። የዚያ ኮንክሪት ገላ ስፖንጅ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት በማለስለስ ጊዜ የሚሠራ ጥፋት ነው። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ውሃው ወደ ላይ ይመጣል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ውሃው እስኪመጥ ይጠብቃል። የቸኮለው ደግሞ ደረቅ ሲሚንቶ ነስንሶበት ያለሰልሰዋል። በዕለቱ ሲያዩት መስታወት ይመስላል። ነገር ግን ከላይ ሁለት ሚሊሜትር የምታህል፣ ከታችኛው ጋር በቅጡ ያልተያያዘች ቅርፊት ናት የተሠራችው። የመጀመሪያው የዕቃ ጋሪ ሲያልፍባት መላላጥ ትጀምራለች።

ሦስተኛው ውሃ አለማጠጣት ነው። ይሄ ነገር በኛ አገር ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐዩ ጠንካራ፣ አየሩ ደረቅ፣ ነፋሱም የማያቋርጥ ነው። በዚያ ላይ በብዛት የምንጠቀመው ፒፒሲ ሲሚንቶ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ስለሆነ፣ ጥንካሬው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከኦፒሲ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ሲሚንቶው ጥሩ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ለኦፒሲ ሰባት ቀን ካጠጣን፣ ለፒፒሲ አሥራ አራት ቀን ልንሰጠው ይገባል። ጆንያ አልብሶ፣ ከላይ ላስቲክ ጥሎ ማጠጣት ማለቴ ነው፤ ጠዋት አንዴ በጎማ ረጭቶ መሄድ ማጠጣት አይባልም።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ልጨምር። ወለል በተሞላ ዕለት በተዘጋ ቤዝመንት ውስጥ ጄኔሬተር ማስነሳት ወይም ከሰል ማቀጣጠል ጉዳት አለው። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገና ያልጠነከረውን የኮንክሪት ገጽ ያዳክመዋል፤ ወለሉም ዕድሜ ልኩን አቧራ ሲተፋ ይኖራል። ሠራተኛውንም ጭሱ ይመርዘዋል፤ እሱ ከወለሉ ይበልጣል።

እነዚህ ሁሉ ከላይ የሚመጡ ናቸው። ከታች የሚመጣው ደግሞ ውሃና ጨው ነው። ከወለሉ ሥር ያለው አፈር እርጥብ ከሆነ፣ ውሃው በኮንክሪቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንደ ፋኖስ ክር እየተሳበ ይወጣል። ከአፈሩና ከሲሚንቶው ያሟሟውን ጨው ይዞ ነው የሚመጣው። ከላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ጨው ሲጠጥር ቦታ ይፈልጋል፤ ከገጹ ሥር ሆኖ እየገፋ ቅርፊቱን ያነሳዋል። ልብ በሉ፣ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ወለል ይልቅ እየረጠበ የሚደርቅ ወለል ነው ቶሎ የሚፈርሰው። በእያንዳንዱ መድረቅ አንድ ዙር ጨው ይጠጥራልና።

አሁን ወደ ምርመራው። ምርመራ ስል ውድ መሣሪያ ማለቴ አይደለም። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ የምይዘው ትንሽ መዶሻ፣ ወፍራም ሚስማር፣ ጠመኔ፣ ላስቲክና ሰፊ ስኮች ነው።

በሚስማሩ ወለሉን እጭራለሁ። ትንሽ ዱቄት ብቻ ወጥቶ ከሥሩ ጠንካራ ከሆነ ችግሩ የገጽ ነው። ሚስማሩ እየቆፈረ ከገባ ጥልቅ ነው። በመዶሻው እየመታሁ አዳምጣለሁ፤ የተያያዘ ኮንክሪት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የተነሳው ግን እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል። ባዶ የሚጮኸውን ሁሉ በጠመኔ እከባለሁ። ጠመኔው ሲያልቅ ቆም ብዬ አያለሁ። ክቦቹ ግድግዳውን ተከትለዋል? መኪና የሚዞርበት ላይ ናቸው? ከመጸዳጃ ቤቱ ትይዩ ናቸው? ካርታው ራሱ ግማሹን መልስ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ የላስቲክ ፈተና ነው። 45 በ45 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ግልጽ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግቶ አራቱንም ጠርዝ በስኮች ማሸግ፣ ቢያንስ 16 ሰዓት መተው፣ ከዚያ ማንሳት። ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ እርጥበቱ ከታች እየመጣ ነው። ደረቅ ከሆነ ደግሞ አንድ ሌሊት ብቻ ምስክር አይሆንም፤ በሌላ ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ከዚያ ቆጣሪው አለ፤ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ የውሃ ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ አንድ ቦታ ውሃ ይጠፋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ኮር አስወጥቶ ላቦራቶሪ መላክ የሚመጣው። ኮር ብዙ ይናገራል፤ ግን የት እንደሚወጣ ካላወቅን ለገንዘቡ ማባከኛ ነው።

ከመሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጥያቄ ነው። በአንድ ሥራ ላስረዳ።

ቦሌ አካባቢ፣ ጥቁር አፈር ላይ የቆመ ባለአምስት ፎቅ ሕንፃ ነው። ባለቤቷ ባላቸው ያረፉባቸው እናት ናቸው፤ ቤዝመንቱን ለወረቀት ነጋዴ አከራይተው በኪራዩ የባንክ ዕዳ ይከፍላሉ። ወለሉ ይፈረፈራል። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሊሾ ተደርቦበታል። ነጋዴው ከታች ያለው ወረቀት እየሻገተበት «ወይ አስተካክሉልኝ ወይ እለቃለሁ» ብሏል። አንድ ሥራ ተቋራጭ ደግሞ ወለሉ በሙሉ ፈርሶ፣ ውሃ በማያስገባ ቀለም ተሸፍኖ እንደ አዲስ ይሠራ የሚል ዋጋ አቅርቧል። ዋጋው የሁለት ዓመት ኪራይ ይበላል። እናትዬዋ ሰነዱን ይዘው መጥተው «ልጄ፣ ልፈርምለት?» አሉኝ።

ወለሉን በመዶሻ ሄድኩበት። ባዶ የሚጮኸው ሦስተኛው እጅ ያህል ብቻ ነበር፣ እሱም በአንድ ግድግዳ በኩል ተሰብስቦ። የተረፈው አቧራ ብቻ ነው የሚተፋው። ዘጠኝ ቦታ ላስቲክ ለጠፍን፤ በማግስቱ ሁሉም ደረቅ ሆነው ተገኙ። ወሩ የካቲት ነው፣ ዝናብ የለም። እዚህ ላይ «እርጥበት የለም» ብሎ ጽፎ መሄድ ይቻል ነበር። ግን ነጭ የጨው ዱቄቱ ትኩስ ነው፤ ያለ ውሃ ደግሞ ጨው አይወጣም።

የግቢውን ዘበኛ ጠየቅኳቸው። አዛውንት ናቸው። «አባቴ፣ ይህ ወለል የሚረጥብበት ጊዜ አለ?» ስላቸው ምንም አላሰቡም። «አለ እንጂ! ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ነዋ» አሉኝ። የሰፈሩ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ከግድግዳው ውጭ ከመሬት በታች የተሠራ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ውሃ በመጣ ሌሊት ማጠራቀሚያው ይሞላል፤ መዝጊያው ተንሳፋፊ ቫልቭ ስለተበላሸ መፍሰሱን አያቆምም፤ የትርፍ ውሃ መውጫው ቧንቧ ደግሞ አፈር ውስጥ ተሰብሯል። ትርፉ ውሃ በግድግዳው ሥር አልፎ ከወለሉ ሥር ያለው የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ይገባል። በሚቀጥሉት ቀናት ይደርቃል። ፈረቃው ሲደርስ እንደገና ይረጥባል። ቅድም ያልኳችሁ የጨው ዙር እንግዲህ ይኸው ነው። በሚቀጥለው የውሃ ሌሊት ላስቲኮቹን ደገምናቸው፤ በዚያ ግድግዳ በኩል ያሉት አራቱ ጤዛ ቋጠሩ።

ሰውዬው ይህን ከጀመረ አንስቶ ያውቁት ነበር። ሦስቱም ሊሾ ሰሪዎች በአጠገባቸው አልፈው ገብተዋል። የጠየቃቸው አልነበረም።

ከዚያ ሦስት ቦታ ኮር አወጣን። ዋናው ኮንክሪት ጤነኛ ነው፤ የታመመው የተደራረበው ሊሾ ነው። ስለዚህ ወለሉን ማፍረስ አያስፈልግም። ማፍረሱ እንዲያውም አደጋ ነበረው። የቤዝመንት ግድግዳ ከኋላው አፈር ይገፋዋል፤ በብዙ ሕንፃ ላይ የግድግዳውን እግር ደግፎ የሚይዘው ያ «ዝም ብሎ ወለል» የምንለው ነው። በአንድ ጊዜ ጠርጎ ማውጣት ግድግዳውን ድጋፍ ማሳጣት ነው። ሌላም አለ፤ ሕንፃው የቆመው በራፍት መሠረት ላይ ከሆነ ወለሉ ራሱ መሠረቱ ነው። ጃክ ሃመር ከመነሳቱ በፊት የመዋቅር ንድፉን ሳያዩ መጀመር የለም። ማፍረስ ግድ ከሆነም በጠባብ ቁራጭ፣ አንዱን ሞልቶ ወደ ሌላው እያለፉ ነው።

ውሃ በማያስገባ ቀለም መሸፈን ስለሚባለውም አንድ ሒሳብ ልንገራችሁ፤ ተማሪዎች በእጃቸው ሊሠሩት ይችላሉ። 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት በካሬ ሜትር 240 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከሥሩ 24 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢቆም ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ያንኑ 240 ኪሎ ያህላል። አንድ ክንድ በማይሞላ ውሃ ወለሉ ክብደቱን ጨረሰ ማለት ነው። ውሃው መውጫ ሳይበጅለት ከላይ ማሸግ ድስት ከድኖ እሳት እንደመጨመር ነው። መጀመሪያ መውጫ፣ ቀጥሎ መክደኛ።

ጥገናውን እንዲህ አካሄድነው። ቫልቩ ተቀየረ፤ የትርፍ ውሃው ቧንቧ ተቆፍሮ ወጥቶ ወደ ጎዳናው የዝናብ ውሃ መስመር ተወሰደ። ይህ ከሥራው ሁሉ ርካሹ ነበር። ወለሉ እንዲደርቅ ጊዜ ሰጥተን ላስቲኩን በሦስት የውሃ ሌሊቶች ደገምነው፤ ደረቅ ነው። ባዶ የሚጮኸው ሊሾ ሁሉ እስከ ጤነኛው ኮንክሪት ድረስ ተነሳ። ጠርዙ በቀጥታ ተቆረጠ፤ ቀጭን ጠርዝ መጀመሪያ የሚፈረፈረው እሱ ነውና። ገጹ ሸካራ ተደረገ፤ አቧራው ተጠረገ፤ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ ጠጣ። ሥራው ሲጀመር ገጹ እርጥብ፣ ግን የተኛ ውሃ የሌለበት ነበር። የማያያዣ ሲሚንቶ በብሩሽ ተፈተገበት፤ እሱ ሳይደርቅ አዲሱ ንጣፍ ተከተለ። ከዚያ አሥራ አራት ቀን ጆንያና ላስቲክ። ነጋዴው በየቀኑ እየመጣ «አሁንስ?» ይለኝ ነበር።

አቧራ ብቻ የሚተፋው ሁለት ሦስተኛ ደግሞ ደካማው ቅርፊት ተፍቆ የሲሊኬት ማጠንከሪያ ፈሳሽ ጠጣ። ይህ ፈሳሽ ከኮንክሪቱ ኖራ ጋር ተዋህዶ ቀዳዳውን ይሞላል። ለገጽ ችግር ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለተነሳ ወይም እስከ ሥሩ ለተበላ ወለል ግን ከንቱ ነው። ወለሉ እስከ ታች የተበላ ቢሆን ኖሮ ማፍረስ ነበረብን፤ ያኔ ከሥር ጥቁሩ አፈር በገረጋንቲ ተተክቶ፣ ድንጋይ ተነጥፎ፣ ከ0.2 ሚሊሜትር ያልሳሳ ላስቲክ ተዘርግቶ፣ ኮንክሪቱ በየሦስት ሜትሩ ገደማ መገጣጠሚያ እየተቆረጠለት ይሞላ ነበር።

በፍቀት ጊዜ ከሁሉ በላይ የተከራከርኩት ስለ ወለሉ አልነበረም። የኮንክሪት አቧራ ውስጥ ሲሊካ አለ፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚተው ጠባሳ አይድንም። የቀን ሠራተኞቹ አፋቸውን በሻሽ ጠቅልለው ሊገቡ ነበር። ሻሽ ይህን አቧራ አያቆምም። በውሃ እየረጠበ የሚፈቅ ማሽንና ትክክለኛ ማስክ እስኪመጣ ሁለት ቀን ሥራ ቆመ። ወለል ይተካል፤ የሃያ ዓመት ልጅ ሳንባ አይተካም።

አንድ ጥግ ሆን ብዬ ሳይጨረስ እንዲቆይ ጠየቅኩ። እናትዬዋ ቅር አላቸው። «ክረምቱን ሳናይ አንጨርስም» አልኳቸው። በየካቲት የተመረመረ ቤዝመንት ግማሽ ምርመራ ነው፤ ሌላውን ግማሽ የሚመረምረው ሐምሌ ነው። እንደተባለውም በሐምሌ ያ ጥግ ወዛ። አሸንዳው የጣሪያውን ውሃ በትክክል ግድግዳው ሥር ነበር የሚጥለው። ቧንቧው ተቀጥሎ ውሃው ከግድግዳው እንዲርቅ ተደረገ፤ ጥግዋ በጥቅምት ተዘጋች። ነጋዴው አልለቀቀም። የጠቅላላው ወጪ ከቀረበላቸው ዋጋ ሩቡ ገደማ ነበር።

መምህራኖቻችን፣ ይህን ሁሉ ያወራሁት ወለል ለማሞገስ አይደለም። እኛን አዲስ መሥራት በሚገባ አስተማራችሁን፤ ምስጋናችን አይቆጠርም። አሁን ግን በየከተማው የተሠራው በዝቶ የሚጠገንበት ዘመን ደርሷል። ተማሪዎቹ ጤነኛውን ኮንክሪት ብቻ ሳይሆን የታመመውንም በእጃቸው ይንኩት። ቢያንስ አንድ ቀን መዶሻና ጠመኔ ይዘው የሚፈረፈር ወለል ላይ ይዋሉ። ዘበኛውን እንዲጠይቁም አደራ በሏቸው።

ለእኛ ለምሩቃኑ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። እያንዳንዳችን የጠገንነውን አንድ ሥራ፣ ኮሩን ከአንድ ገጽ ታሪክ ጋር ለላቦራቶሪው እንስጥ። የባለቤቱም የሥራ ተቋራጩም ስም አያስፈልግም፤ ምን ታየ፣ ምን ተጠረጠረ፣ ምን ሆኖ ተገኘ፣ ክረምቱ ምን አለ፣ ይበቃል። በጥቂት ዓመት ውስጥ የትም መጽሐፍ ላይ የማይገኝ፣ የራሳችን አፈርና የራሳችን ውሃ የጻፈው መማሪያ ይኖረናል። የኔን ሦስት ኮሮች ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ፤ በር ላይ ካለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። እየነካችሁ እለፉ።

በቤቱ የሚፈረፈር ወለል ያለው ሰው ካለ ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬ ማታ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ይለጥፍበት። ነገ የምሩቃን ግብዣ ላይ ከሚሰጠው ምክር ሁሉ የተሻለውን ያገኛል።